ጉልበቴን ያየልኝ የኮምቦልቻ ሳይክል ሠሪ

ኮምቦልቻ ሳይክል የምትነዱ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። መናኸሪያው አካባቢ፣ ከአንድ ጎሚስታ ጎን ሸራ ወጥሮ ሳይክል የሚጠግን ሰው አለ። ሳላመሰግነው መቆየቴ ሲከነክነኝ ሰንብቷል።

ያገለገለ ሳይክል ገዝቼ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መመላለስ ጀመርኩ። ወር ሳይሞላኝ ቀኝ ጉልበቴን ከፊት ለፊት ያመኝ ጀመር። ደረጃ ስወርድ ይወጋኛል። ከሱጁድ ስነሳ መሬት መደገፍ ለመድኩ። ብርድ ነው አሉኝ፣ ቅባት ተቀባሁ፣ ታሸሁ። ትንሽ ተወት ያደርገኝና ሳይክሉ ላይ ስወጣ ይመለሳል።

እሱ ጋ የሄድኩት ፍሬን ላሠራ ነው። ለካ ስመጣ እያየኝ ኖሯል። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "ጉልበትህን ያምሃል አይደል?" አለኝ። ደነገጥኩ። "ኮርቻህ ዝቅ ብሏል። ስትነዳ ጉልበትህ ደረትህ ሊደርስ ምንም አልቀረው።"

ሳይክሉ ላይ አስቀመጠኝ፤ በአንድ እጄ ግድግዳ ያዝኩ። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አሳርፌ እስከ ታች ድረስ እንድገፋው አደረገ። "እዚህ ጋ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግርህ መዳፍ የፊተኛው ክፍል ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ እጥፍ ይላል። ልኩ እሱ ነው" አለኝ። የኔ ጉልበት በተረከዜም ረግጬ እንደታጠፈ ነው። ኮርቻውን ከጣት ውፍረት በማይበልጥ ከፍ አደረገው። ዛሬውኑ ጨርስልኝ ብለው እምቢ አለ። "ሰውነትህ ይልመደው። ከልኩ ካለፈ ደግሞ ከኋላ በኩል ያምሃል።" በየሳምንቱ እየሄድኩ ሦስት ጊዜ አነሳልኝ። በመጨረሻ የኮርቻው ዘንግ ላይ፣ ከማጥበቂያው ብሎን በላይ ቀይ ናስትሮ ጠመጠመበት። ብሎኑ ላልቶ ኮርቻው ከወረደ ናስትሮው ይጨማደዳል፣ ወዲያው አውቃለሁ።

ከባድ ማርሽ ይዤ ዳገት መታገል እወድ ነበር፣ እሱንም አስተወኝ። ጉልበት የሚጎዳው እሱ ነው፣ ማርሹን አቅልለህ እግርህን ቶሎ ቶሎ አዙር አለኝ። ብቆጥረው በደቂቃ 50 ዙር ገደማ ነበርኩ። አሁን ሜዳ ላይ 80 አካባቢ አደርሰዋለሁ። እናቴ ጋ ደሴ ስሄድ የሐረጎን ዳገት በሳይክል መሞከሩን ግን ለጊዜው ትቼዋለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ሽቅቡ ግን ከ500 ሜትር ይበልጣል። "እሱ ይደርሳል፣ አብሽር" ብሎኛል።

ለዚህ ሁሉ የተቀበለኝ የፍሬኑን ሂሳብ ብቻ ነው። ስጨምርለት እጄን መለሰው። "ጉልበትህ ካበጠ ወይ አልታጠፍ ካለህ ግን እኔ ጋ እንዳትመጣ፣ ሐኪም ጋ ሂድ" ማለቱ ይበልጥ እንዳምነው አደረገኝ። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው አይደለም።

ይኸው ትናንት ከሱጁድ መሬት ሳልደገፍ ተነሳሁ። አላህ እጁን ይባርክለት፣ ዕድሜውን ያርዝመው።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ይበዛበታል። ደግሞ ዘወትር የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። የሶሉ ውፍረት ልኩን ይቀይረዋል።