እናትን መጠየቅ፦ በበዓል ወይስ በአዘቦት ቀን?

እናቴ የምትኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚገኘው ሌዠር ወርልድ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የጡረተኞች መንደር ሲሆን ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ፣ የመዋኛ ገንዳና የመሰብሰቢያ ክበቦች አሉት።

በፋሲካ ስንሄድ ቤቱ በዶሮ ወጥና በቡና ሽታ ይሞላል። የልጅ ልጆቿ ሲስሟት ፊቷ ይበራል፤ ይህን የሚተካ የለም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውለው እርሷ ናት። ሽንኩርት ስትከትፍ ሰንብታ፣ እንግዳ ስታስተናግድ ውላ፣ ማታ እግሯ ያብጣል። ጤናዋን ብጠይቃት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፈኛለች፤ በሰው ፊት ሌላ ምን ትበል?

በአዘቦት ማክሰኞ ስሄድ ግን እንግዳው እኔ ነኝ። ጠዋት ወደ ውሃ ስፖርቷ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ካርታ ጨዋታዋ እከተላታለሁ። «ልጄ ነው» እያለች ለጓደኞቿ ስታስተዋውቀኝ ደስታዋ ያስታውቃል። ደረጃ ስትወጣ መደገፊያውን እንዴት እንደምትይዝ፣ በመድኃኒት ሣጥኗ ውስጥ ሳይዋጥ የቀረ ክኒን መኖር አለመኖሩን የማየው ያን ጊዜ ነው። ጆሮዋ መድከሙን ያወቅሁት ካርታ ሲጫወቱ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ሦስት ፋሲካ አብረን ስናሳልፍ አላስተዋልኩትም ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል አዘቦቱን እመርጣለሁ። ሁለቱም የሚሳካለት ሰው በበዓሉ ወጡን ራሱ ሠርቶ ይሂድ፤ በአዘቦቱ ደግሞ የእናቱን መርሐ ግብር አስቀድሞ ይጠይቅ እንጂ የመዋኛ ሰዓቷን አያሰርዛት።