በጠርሙስ የሚሸጠው ፖታሺየም ፌሬት ለውሃ ማጣሪያ ልምምድ እንዴት ነው?

ለተማሪዎች የውሃ ማጣሪያ ልምምድ ብለን ሁለት ጊዜ የገዛነው ፖታሺየም ፌሬት በ25 ግራም ጠርሙስ የሚሸጥ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ዱቄት ነው። በስም ከሚመሳሰለው ከፖታሺየም ፌሪሳያናይድ ጋር ግን ዝምድና የለውምና ሲያዝዙ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ፖታሺየም ፐርማንጋኔት የሚመስል ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። በዝገት ውስጥ ያለው ብረት የኦክሲዴሽን ቁጥሩ (አቶሙ ያጣው የኤሌክትሮን ብዛት) 3 ሲሆን የዚህ ጨው ብረት ግን 6 በመሆኑ፣ ከሌላው ኤሌክትሮን የመንጠቅ ኃይሉ እጅግ ብርቱ ነው፤ በአሲድ ውስጥ 2.2 ቮልት ገደማ ሲደርስ የአሲድ ተቃራኒ በሆነው በአልካላይን ውስጥ ወደ 0.7 ቮልት ይወርዳል።

ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጥቂት ቆንጥረን ድፍርስ የኩሬ ውሃ ውስጥ ስንጨምር ወይን ጠጁ ቀለም እየደበዘዘ ሄዶ ዝገት መሳይ ዝቃጭ ታየ፤ ዝቃጩም ጥቃቅኑን ጭቃ ይዞ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የቀረው ውሃ ጠራ። ጨዉ ቆሻሻውን ካጠቃ በኋላ ራሱ ወደ ብረት ሃይድሮክሳይድ ስለሚለወጥ፣ ጀርም የሚገድለው ክሎሪንና ጭቃ የሚያዘቅጠው አሉሚኒየም ሰልፌት ተካፍለው የሚሠሩትን ሥራ ለብቻው ይሠራል። ሆኖም እንደ ክሎሪን በቧንቧ ውስጥ ቆይቶ ውሃውን የሚጠብቅ ቅሪት ስለማይተው፣ ክሎሪንን ሙሉ በሙሉ ይተካል ማለት ማጋነን ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከሁለተኛው ጠርሙስ ነው። ክዳኑ ላልቶ ስለ መጣ እርጥበት ገብቶበት ዱቄቱ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ይህ ጨው ውሃ ሲያገኝ ኦክሲጅን እየለቀቀ የሚፈርስ ነውና ከዚያ በኋላ የቀረው ውድ ዝገት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በእስራኤል የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለባትሪ ካቶድ (ኤሌክትሮን ለሚቀበለው የባትሪ ክፍል) ያቀረቡት ይኸው ጨው ነው፤ እንዲህ በቀላሉ የሚፈርስ ነገር በባትሪ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አሁን ይገባኛል። አቅራቢው በጠርሙሱ ላይ የንጽሕናውን መጠን ብቻ ጽፎ የተመረተበትን ቀን አለመጻፉ ስለዚህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ጠርሙሱ እንደ ደረሰ ቅንጣት ወስዶ አልካላይን በሆነው የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት (በውሃ የሟሟ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ውስጥ መሞከር ይበጃል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ከሰጠ ደህና ነው፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ግን ወዲያውኑ መመለስ ነው። ደህናውን ከእርጥበት፣ ከአሲድና ከሚቀጣጠል ነገር አርቆ ማስቀመጥ፣ የፌሬቱን ሙሙትም በሚሠራበት ሰዓት ብቻ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። እኛ ዘግይተን ስላመለከትን አቅራቢው ሊለውጥልን አልፈቀደም፤ ለሦስተኛው ጊዜ ያዘዝነው 5 ግራም ብቻ ነው።