ስካይ ሜዶውስ፣ የኮከብ ምሽት፦ እናቴንና ልጄን ይዤ ሄጄ

ለጓደኞቼ «ቅዳሜ ማታ ኮከብ ልናይ ነው» ስላቸው ሳቁብኝ። «የእናትህን ስም እንዳትረሳ፣ መጀመሪያ እሱን ነው የሚጠይቁህ» አለኝ አንዱ። ኮከብ ቆጣሪ ጋ የምሄድ መስሎት ነው። እኔ ግን የእናቴን ስም ሳይሆን እናቴን ራሷን ይዤ ሄድኩ።

ነገሩን የጀመረችውም እሷ ናት። ከጋይንት ከመጣች አራት ወር አልፏታል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርታማችን ፊቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው። የማቆሚያው መብራት ሌሊቱን ሙሉ እኛ ሳሎን ያድራል። እናቴ የምትተኛው ሳሎን ስለሆነ መጋረጃው ላይ ጋቢ ደርባ ሰቀለችበት። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቆማ ሽቅብ ስታይ ቆየችና «እዚህ አገር ኮከብ የለም እንዴ?» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር፣ ያውም ማታ ማታ ታክሲ እየነዳሁ፣ እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ስካይ ሜዶውስ የቨርጂኒያ ስቴት ፓርክ ነው። ከዋሽንግተን በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ከምናምን ያስነዳል። ብሉ ሪጅ ተራራ ሥር፣ ፓሪስ ከምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ። አዎ፣ ፓሪስ። ጂፒኤስ ላይ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። በ2021 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሏል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ይህን ማዕረግ የሚሰጠው ድርጅት በ1988 አሪዞና ውስጥ ተቋቋመ። ሥራው በአጭሩ፣ መብራታችሁ መሬቱን እንጂ ሰማዩን አያብራ እያሉ መጨቅጨቅ ነው። ፓርኩ በወር አንዴ ገደማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ለማንም ክፍት የሆነ የኮከብ ምሽት አለው። ለሰው አይከፈልም። ለመኪናችን መግቢያ 10 ዶላር ከፈልን፣ በቃ።

የሄድነው በ2024 ነው፣ በእኛው መስከረም ሊያልቅ ሲል። 66 ላይ ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን ጠለቀች። ጥቂት ቆይቶ ከዛፎቹ በላይ አንድ ደማቅ ኮከብ ብቅ አለ። አጠገቡ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጨረቃ አለች። እናቴ ጣቷን ቀሰረች። «ያቺ የአጥቢያ ኮከብ አይደለችም? በምሽት ምን ትሠራለች?» ምን ልበላት? ዝም ብዬ ነዳሁ።

ስንደርስ ሜዳው ላይ ቴሌስኮፖች ተደርድረዋል። ባለቤቶቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ይመስላሉ። ንብረታቸውን ከቤታቸው ጭነው መጥተው ለማያውቁት ሰው ያሳያሉ። ሳንቲም አይቀበሉም። ለልጆች መጀመሪያ አጭር ትምህርት ነገር ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ወደደችው፤ እኔ እንኳ ቡና ስቀዳ አመለጠኝ።

ደንቡ አንድ ነው፦ ነጭ መብራት የለም። ስልክም ጭምር። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ነጭ መብራት ከገባበት ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ቀይ መብራት ብዙም አይጎዳውም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ትንንሽ ቀይ ባትሪ ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኛ የእጅ ባትሪያችን ላይ የስጦታ መጠቅለያ ቀይ ላስቲክ በጎማ አስረን ሄድን። ሠርቷል።

የዚያ ማታ ትልቁ ጥፋት የእኛው ነው። ያ የሳቀብኝ ጓደኛዬ ኋላ ላይ ሐሳቡን ለውጦ «እኔም እመጣለሁ» ብሎ ነበር። «ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ሁን» አልኩት። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ሙሉ መብራቱን አብርቶ፣ በቀጥታ ሜዳው ላይ። ሃምሳ ምናምን ሰው በአንድ ድምፅ «ኦኦ!» አለ። እሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አውቶማቲክ ነው፣ አይጠፋም!» እያለ ይጮሃል፣ በአማርኛ። እኔ የማላውቀው ሰው መሰልኩ። እባካችሁ ሳይመሽ ድረሱ። የመኪናችሁ መብራት እንዴት እንደሚጠፋም ከቤት ሳትወጡ ሞክሩት። የውስጡን አምፖል ደግሞ በፕላስተር ሸፍኑት፤ በር በተከፈተ ቁጥር ይበራል።

አሁን ወደ ሰማዩ። እውነቱን ልናገር፣ በቴሌስኮፕ የሚታየው ነገር ፎቶ ላይ እንዳያችሁት አይደለም። ሳተርን ደህና ነው። ቀለበቱ ያኔ ወደ እኛ በጠርዙ ሊዞር ወራት ቀርተውት ስለነበር፣ ኳስ ላይ የተሰካ ስንጥር ይመስል ነበር። ልጄ «ስቲከር ለጥፈውበት ነው» ብላ መነጽሩን ከፊት ልታይ ሄደች። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ግን ጥቁር ጨርቅ ላይ ፈስሶ የተጠረገ ወተት ነው። ቀለም የለውም፣ ክንድ የለውም። «ይሄው ነው?» አለች ልጄ። ካሜራ ብርሃኑን ለሰዓታት ያጠራቅማል፤ ዓይን አያጠራቅምም። ቀድሞ የሚነግራችሁ ከሌለ ቅር ይላችኋል። ነገር ግን ያ የተጠረገ ወተት ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ያየነው ብርሃን መንገድ ሲጀምር፣ አፋር ላይ ድንቅነሽ ከሞተች 700 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። ይህን ሳስብ መልሼ ተሰለፍኩ።

አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ኢትዮጵያ ስንል ፊታቸው በራ፣ በጨለማውም ያስታውቅ ነበር። አረንጓዴ ሌዘራቸውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አነሡና አምስት ኮከቦችን አያያዙ። እንደ ተንጋደደ የላቲን ደብልዩ ናቸው። «ንግሥታችሁ ይቺውላችሁ» አሉን። ካሲዮፒያ። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፊየስ ሚስት ናት። የሚያምር የለም ብላ ስለታበየች የባሕሩ አምላክ አውሬ ላከባት። ልጇ አንድሮሜዳ ዐለት ላይ ታሰረች፣ ፐርሲየስ መጥቶ አዳናት። እናትየዋ ደግሞ ለጉራዋ ቅጣት ከነዙፋኗ ሰማይ ላይ ተቀመጠች፤ ሰማዩ ሲዞር ከፊሉን ጊዜ ተዘቅዝቃ ነው የምታሳልፈው። ግሪኮቹ ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሰው አገር በጅምላ ነበር፤ የዛሬው ካርታ አይደለም። ለእናቴ እየተረጎምኩ ነገርኳት። «ማን ነው ያልከኝ ስሟን?» «ካሲዮፒያ።» ትንሽ አሰበችና «የእኛ አገር ስም አይደለም» ብላ ዘጋችው።

የአጥቢያ ኮከቡን ጥያቄ ግን አልረሳችም። «ጠይቅልኝ» አለችኝ። ጠየቅኩላት። ሽማግሌው ቀዩን ባትሪ ፀሐይ አድርገው በቡጢያቸው ዙሪያውን ዞሩት። ያቺ ኮከብ ቬኑስ የምትባለው ፕላኔት ናት፤ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ቅርብ ስለሆነች ከአጠገቧ ርቃ አትሄድም። ለወራት ፀሐይን ቀድማ ትወጣለች፣ ያኔ የአጥቢያ ናት። ከዚያ ወደ ማዶ ትሻገርና ፀሐይን ተከትላ ትጠልቃለች፣ ያኔ የምሽት ናት። ሁለቱም ያቺው አንዷ ናቸው። እናቴ የቡጢውን ዙር በጥሞና ተከታተለች። «እኔ ደግሞ ሁለት እህትማማቾች ይመስሉኝ ነበር» አለች።

ከቴሌስኮፑ ይልቅ የምመክራችሁ ግን መንጋለል ነው። ምንጣፍ ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ አናታችን ላይ አልፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተዘረጋ። ልጄ መጀመሪያ ደመና መስሏት «ሊዘንብ ነው» አለች። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ተጋድማ «አሁን ሰማይ መሰለ» አለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። ጓደኛዬ እንኳ።

የሰሜን ኮከብን በቡጢ መለካት የተማርኩትም እዚያው ነው። ክንድህን ዘርግተህ ስትይዘው አንድ ቡጢ ወደ 10 ዲግሪ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ከአድማስ እስከ ኮከቡ አራት ቡጢ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ኮከቡ ከአድማስ ያለው ከፍታ፣ አንተ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ካለህ ርቀት ጋር በዲግሪ እኩል ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቡጢ እንኳ አይሞላም። ጋይንት ላይ አንድ ቡጢና አንድ ጣት ቢሆን ነው። እዚያ ከጋራው ጀርባ የሚደበቀው ኮከብ እዚህ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ታክሲ ስነዳ አሁን በቀይ መብራት ስቆም ቡጢዬን የምዘረጋ ሆኛለሁ። ተሳፋሪዎች የተናደድኩ ይመስላቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ልጄ ቴሌስኮፕ። ለልደቷ ከአንድ ትልቅ መደብር ገዝቼላት ነበር። ካርቶኑ ላይ «500 ጊዜ ያጎላል» ይላል። እስከዚያ ቀን ምንም አይተንበት አናውቅም፣ ጭጋግ ብቻ። ይዘነው ሄድን። አንዲት ፈቃደኛ ሴትዮ አየችውና በትሕትና ፈገግ አለች። የፊቱ መነጽር 60 ሚሊሜትር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ከ120 ጊዜ በላይ ቢያጎላም ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አይጠራም፤ ሚሊሜትሩን በሁለት ማባዛት ነው ደንቡ። አጉሊውን ቱቦ ነቅላ ኪሴ ከተተችው። ደካማ የምንለውን ሌንስ አስገባች። ማነጣጠሪያውን ደግሞ ቀን ላይ በሩቅ ምሰሶ እንድናስተካክል ነገረችን። ከዚያ ሳተርን በዚያው በተናቀው ዕቃ ቁልጭ አለ። ሳትገዙ ከሆነ የምታነቡት፣ በዚያ ብር ባይኖኩላር ግዙ።

እዚያ ካሉት ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ብዙዎቹ ዶብሶኒያን የሚባሉት ናቸው፤ በእንጨት ሳጥን ላይ የተቀመጠ መድፍ ይመስላሉ። ፈልሳፊው ጆን ዶብሰን ካሊፎርኒያ ውስጥ የቬዳንታ (የሂንዱ ፍልስፍና) መነኩሴ ነበር። በገዳሙ ተደብቆ ከቁርጥራጭ ዕቃ ቴሌስኮፕ ሲሠራ ኖሮ በ1967 አስወጡት። በዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ የእግረኛ መንገድ ላይ ላለፈ ለገደመው ሰማይ ሲያሳይ ኖረ። እናቴ ይህን ስትሰማ «ለኮከብ ብለው መነኩሴ ያባርራሉ?» ብላ አዘነችለት።

ቅሬታ ከተባለ፣ ምሥራቁ ገና ቢጫ ነው። የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ብርሃን እዚያም ይደርሳል። ድብን ያለ ጨለማ የፈለገ ፔንስልቬንያ፣ ቼሪ ስፕሪንግስ መሄድ አለበት፤ አራት አምስት ሰዓት ይነዳል። ከልጅና ከእናት ጋር ለአንድ ማታ ግን ይኼኛው ይበቃል። የጨረቃዋን ቀን ቀድማችሁ እዩ፤ ሙሉ ስትሆን ከሄዳችሁ ጨረቃን ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ብርዱን ደግሞ አትናቁት። ቀን በቲሸርት የዋለ ሰው ማታ ጋቢ ይለምናል፣ ጓደኛዬ ምስክሬ ነው። ፔርሙዛችን ለአራት ሰው አልበቃም።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ጋይንት ላለችው እህቷ ደወለች። ድምፁን ክፍት አድርጋው ነበር። «ማታ ደግሞ ጨለማ ሊያሳየኝ ወሰደኝ» አለቻት። «ጨለማ?» «አዎ፣ 10 ዶላር ከፍሎ።» አክስቴ በሳቅ ፈነዳች። «እኛማ መብራት በጠፋ ቁጥር በነፃ እናየው የለ!»