የአባቴን ምላጭ አፍ ለመለሱልኝ የኪዮቶ አዛውንት

ኪዮቶ ላላችሁና ወደዚህ ለምትመጡ ወገኖቼ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ምስጋናዬን ላስቀድም።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ጸጉር አስተካካይ ነበር። በየደንበኛው የሚቀየረው ምላጭ ከመለመዱ በፊት ጺም የሚላጨው በአንዲት ጀርመን አገር ዞሊንገን ከተማ በተሠራች ታጣፊ ምላጭ ነው። ሥራ ካቆመ በኋላም የራሱን ጺም በሌላ ነገር አስነክቶ አያውቅም። የዛሬ ጥቂት ዓመት ቢላ ለሚስል አንድ ሰው ሰጠናትና በሚሽከረከር ድንጋይ አፏን ሸራርፎ መለሰልን። ከዚያ ወዲህ አባዬ ሲላጭ ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር። አንድ ቀን ምንም ሳይናገር በጋዜጣ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተታት።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ይዣት መጣሁ። ሰዎች ጠቁመውኝ ነው እኚህን አዛውንት ያገኘሁት፤ ሥራ ቤታቸው ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ በናሩታኪ በኩል ነው። ምላጯን ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር ደቀኑና ረጅም ሰዓት ዝም አሉ። ከዚያ ለእኔም አሳዩኝ፤ አፏ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል። ብረቷ ግን ደህና መሆኑን፣ እንደምትድንም ነገሩኝ።

ሥራውን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። የተሸራረፈውን ያስተካከሉት በ1000 ቁጥር ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ እየላመ ይሄዳል። ምላጯን ልጥፍ አድርገው ያስተኟታል፤ ጀርባዋና አፏ እኩል ድንጋዩን ይነካሉ። የአፏን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባዋ ውፍረት ስለሆነ እጅ ቀና ካለ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ቀጥሎ 5000፣ ከዚያ 8000። እኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የመጨረሻውን ድንጋይ ያወጡት ያን ጊዜ ነው። ቢጫ ወደ ግራጫ የሚወስደው፣ ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ የተፈጥሮ ድንጋይ። የወጣው እዚያው ካሉት ተራሮች ነው። እኛ ይርጋጨፌ፣ ሐረር እያልን ቡናን በአገሩ እንደምንጠራው እነሱም ድንጋዩን ናካያማ፣ ኦዙኩ እያሉ በወጣበት ቦታ ይጠሩታል። የዛሬ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቅሪት ከሸክላ ጭቃ ጋር እየተደራረበ፣ እየረጋ የተፈጠረ ነው። ድንጋዩ ይወጣባቸው ከነበሩት ጉድጓዶች አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ ደህናው ድንጋይ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ውሃ ጠብ አድርገውበት በሌላ ትንሽ የዚያው ዓይነት ድንጋይ ላዩን ሲያሹት እንደ ቀጠነ አጥሚት ያለ ነገር ወጣ። ምላጯን በዚያ አጥሚት ላይ አፏን አስቀድመው ሳይጫኑ፣ በራሷ ክብደት ብቻ ያመላልሷታል። ጥቂት ቆይተው አንዲት ጠብታ ውሃ ይጨምራሉ፤ ደግሞ ያመላልሷታል። አጥሚቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ ሆነ። ድምፁም አብሮ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ይፋቅ የነበረው ኋላ ጭራሽ አይሰማም። ይህ ድንጋይ ስለቱን ለቆዳ ለማለስለስ እንደሆነ ነገሩኝ። ጨርቅና የቆዳ ጠፍር ላይ፣ አሁን ጀርባዋን አስቀድመው ካመላለሷት በኋላ ክንዳቸው ላይ ካለው ጸጉር ጫፍ ጫፉን ቆረጡበት። ቆዳቸውን አልነካችም።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ሌላ ነው። ነገሩ ስለማረከኝ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሊሸጡልኝ ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መደርደሪያው ሙሉ ነበር፤ ቢሸጡልኝ ደስ ብሎኝ እከፍል ነበር። እሳቸው ግን ለአንዲት ምላጭ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት እንደማያስፈልግ ነገሩኝ። አባቴ ሁልጊዜ ከመላጨቱ በፊት ጠፍሩ ላይ ማመላለሱን ካልተወ ምላጯ ድንጋይ የምትፈልገው አልፎ አልፎ ነው፤ ጺሙን መሳብ ስትጀምር እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። እኔ ከዚህ በፊት ሊገዛ የመጣን ሰው እንዲህ ብሎ የመለሰ ነጋዴ አላጋጠመኝም።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አቅጣጫውን እሰጣለሁ። እንግሊዝኛ ስለማይናገሩ ጃፓንኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለማን ጺም እንደሆነ፣ ቆዳው ስስ ይሁን ጠንካራ ንገሯቸው፤ ይጠይቃሉ። አታስቸኩሏቸው፤ የእኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅተውበታል። አገር ቤት የምትልኩ ከሆነ በደንብ አድርቃችሁ ዘይት ቀባ አድርጉት፣ በአውሮፕላን ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንዳትይዙት።

ምላጯ በሰው እጅ አዲስ አበባ ደረሰች። አባዬ በማግስቱ ጠዋት በቪዲዮ ደወለልኝ፤ ግማሽ ፊቱ ገና አረፋ ነው፣ ግማሹ ተላጭቷል። መላጨቱን ያወቀው በእጁ ሲዳብሰው ብቻ መሆኑን ነገረኝና «ሰውዬው ማነው?» አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋ አዛውንቱ በር ላይ ሲሸኙኝ ያሉኝን፣ የኪዮቶ ሰዎች ለምስጋና የሚሉትን ቃል አስተማርኩት። አባዬም አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ «ኦኪኒ» አላቸው። ይኸው አደራውን አድርሻለሁ።