የጥንቸል ጭንቅላት በቼንግዱ ምግብ ቤት

የሲቹዋን ዋና ከተማ በሆነችው በቼንግዱ የጥንቸል ጭንቅላት ሰው ከሥራ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቢራ እየጠጣ የሚግጠው የዘወትር ምግብ ነው። ጥንቸል ማዕድ ላይ ቀርቦ አይቶ ለማያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን ከነጥርሱና ከነዓይኑ ተቀቅሎ ሲመጣለት ማስደንገጡ አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ወደ ከተማዋ በረራ ከጀመረ ወዲህ በንግድም ሆነ በትምህርት ምክንያት ወደዚያ የሚያቀና ወገን ስላለ፣ ይህን የምጽፈው ምግቡን ልሞክረው ወይስ ልተወው እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት ተቆጥሯልና ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ ከወዲሁ ይተወው፤ ሙስሊም አንባቢም በዚያው ወጥ ቤት የአሳማ ሥጋ እንደሚሠራ ይወቅ።

የበላሁበት ቤት የሚገኘው የምግቡ መነሻ ነው በሚባለው በሽዋንግሊዩ ወረዳ ነው። ጭንቅላቱ ደሙ እስኪለቅ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሌሎች ቅመሞች በገቡበት ጨዋማ መረቅ ቀስ ብሎ ይበስላል። ከዚህ በኋላ ምርጫው ሁለት ነው፤ አንደኛው ከመረቁ ወጥቶ እንዳለ የሚቀርበው ባለ አምስት ቅመም ሲሆን፣ ሁለተኛው በደረቅ ቃሪያና በሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ዘይት ውስጥ እንደገና የሚገላበጠው ማላ ነው። ለአንዱ ጭንቅላት የተጠየቅሁት 12 ዩዋን ነው።

አበላሉ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቾፕስቲክ አያገለግልምና ስስ የፕላስቲክ ጓንት ይታደላል። የላይኛውን መንጋጋ በአንድ እጅ፣ የታችኛውን በሌላው ይዞ ወደ ሁለት መገንጠል ነው፤ በደንብ የበሰለ ከሆነ ብዙ ሳይታገል ይላቀቃል። ከታችኛው መንጋጋ ጋር የጉንጩ ሥጋ ይመጣል፤ የምግቡ ምርጥ ክፍል ይኸው ሲሆን፣ ቅመሙ እስከ አጥንቱ ዘልቆት በጣት ሲነካ የሚላቀቅ ለስላሳ ሥጋ ቢሆንም መጠኑ ከአንድ ትንሽ ጉርሻ አያልፍም። ምላሱ ጠንከር ያለ ነው፤ ምላስና ሰንበር ለለመደ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ዓይኑን እኔ አልፌዋለሁ፤ አብሮኝ የበላው የአገሩ ልጅ ግን ያለ ምንም ማቅማማት የእኔንም ጨምሮ በላው። በመጨረሻ የራስ ቅሉ ተሰብሮ አንጎሉ ይመጠጣል፤ ቅባታም፣ ለስላሳና ከጠበቅሁት በላይ ጣዕም ያለው ነው።

ስለ ማላው ግን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በሚጥሚጣ ያደግን ሰዎች ቃሪያ አይበግረንም ብለን ስለምንገባ የምንሸነፈው በሌላ በኩል ነው። የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ዝምድናው ከብርቱካን ወገን ሲሆን ዋና ሥራው ማደንዘዝ ነው፤ ከንፈርን የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደነካው ያደርገዋል። ጥቂት እንደተበላ የሥጋውን ጣዕም መለየት ስለሚያዳግት፣ ባለ አምስት ቅመሙን አስቀድሞ በልቶ ማላውን ማስከተል ይሻላል። ቅዝቃዜ ያለው የአኩሪ አተር ወተትም ከውኃ በተሻለ አፍን ያበርዳል።

በመስተንግዶው አልረካሁም። ማዘዝ የሚቻለው በስልክ ብቻ ሲሆን ዝርዝሩ ሁሉ በቻይንኛ በመሆኑ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሮኝ ባይኖር ኖሮ ምን እንደማዝ እንኳ አላውቅም ነበር። ማላው ትኩስ ሆኖ ሲመጣ ባለ አምስት ቅመሙ ለብ ብሎ ቀረበ፤ በርግጥ ብዙ ሰው ቀዝቃዛውንም እንደሚወደው ተነግሮኛል፣ ለእኔ ግን የረጋው ቅባት አፍ ላይ ይከብዳል። አጥንቱ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ ሳለም የሚያነሣ አልነበረም።

ጠግቦ ለመነሣት የሚሄድ ሰው በጭንቅላት ብቻ አይጠግብም፤ ብዙ ደክሞ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እኔ የምመክረው አንድ ባለ አምስት ቅመምና አንድ ማላ ለሙከራ ካዘዙ በኋላ ወደ ቀዝቃዛው የጥንቸል ቁርጥ መሻገር ነው። እርሱ በቃሪያ ዘይትና በኦቾሎኒ ተለውሶ የሚቀርብ፣ ሥጋው የሚታይ ምግብ ሲሆን፣ ዝናው እንደ ጭንቅላቱ ባይሆንም በጣዕም ይበልጠዋል።