«ሁለት ጊዜ ብቻ የተጠቀምንበት» የሚባል የስኩባ ፊን እንዳትገዙ

ዱባይና ዙሪያዋ ሆናችሁ ስኩባ (አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ እኔ 280 ድርሃሜን ባሕር ውስጥ የጣልኩበትን ታሪክ ስሙኝና እናንተ ትረፉ።

ኮርሱን እንደጨረስኩ የራሴ ፊን ይኑረኝ አልኩ። ፊን ያው እግር ላይ የሚጠለቀው፣ የዳክዬ እግር የሚመስለው መቅዘፊያ ነው። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ገጽ ላይ «የፕሮፌሽናል ስኩባ ፊን፣ ሁለት ጊዜ ብቻ የተጠቀምንበት» የሚል አየሁ። ሻጩን አንድ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ አገኘሁት። ቦታው ጨለም ያለ ነው፣ ሰውዬውም ይቸኩላል። «ማይ ፍሬንድ፣ ፊን ፊን ነው» አለኝ። ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ የመጥለቂያ ቡቴን አድርጌ ብሞክረው እግሬ ግማሽ ድረስ ብቻ ገብቶ ቆመ። ያኔ ነው ጎኑን ያየሁት፤ የጫማ ቁጥሩ «ከ42 እስከ 46» ይላል። ቁመቱም ከክንዴ ያጥራል። ለካ የስኖርክል ፊን ነው! በባዶ እግር ተጠልቆ፣ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ዓሣ ለማየት የተሠራ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ዋና ላንጋኖ የተማረ ሰው ምን ያቅተዋል ብዬ፣ በባዶ እግሬ አድርጌው ፉጃይራ፣ ዲባ ሮክ የሚባለው የመጥለቂያ ቦታ ወረድኩ። ጀርባዬ ላይ የአየር ሲሊንደር፣ ወገቤ ላይ ለመስመጥ የሚታሰር የእርሳስ ክብደት አለ። ትንሽ የውኃ ፍሰት መጣ። እመታለሁ፣ እመታለሁ፣ ያው ድንጋይ ፊት ለፊቴ ነው። ቅጠሉ፣ ማለትም የሚቀዝፈው ጠፍጣፋ ክፍል፣ ስስ ስለሆነ በመታሁ ቁጥር ይጎብጣል እንጂ ውኃውን አይገፋም። ባቴ ተኮማተረ። በ200 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የጀመርኩት አየር ሌሎቹ ገና ግማሽ ላይ ሳሉ እኔ ጋ 60 ደረሰ። ልወጣ ስል ደግሞ የግራው ዘለበት ተነቀለና ፊኑ ወልቆ ሄደ። ጋይዱ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ተረከዜ ተልጦ ለሳምንት ጫማ አላደረግኩም።

ለሻጩ ስደውልለት «ተጠቅመህበታል እኮ» አለና ብሎክ አደረገኝ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ያገለገለ ፊን ስትገዙ ቡታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የቡቱ ውፍረት ቁጥሩን ይቀይረዋል። ከስኩባ ፊኖች ተረከዙ ክፍት የሆነው በቡት የሚደረግ ነው፣ ተረከዝ የሚሸፍነው ደግሞ ለሞቀ ውኃ፣ በባዶ እግር። የጎማ ማሰሪያውን ለጠጥ አድርጋችሁ በስልክ መብራት እዩት። እንደ ደረቀ መሬት ስንጥቅጥቅ ካለ ፀሐይ በልቶታል። አሁን የያዝኩት ማሰሪያው የብረት ስፕሪንግ ነው፤ የሚሰበር ዘለበት የለውም። ሁለቱን ፊኖች ጎን ለጎን ወለል ላይ አስተኟቸው። ጫፋቸው ላይ ቆመው የተቀመጡ ከሆኑ ቅጠሉ ጠምሞ ይቀራል።

ዓይነቱንም እወቁ። መሐሉ የተሰነጠቀው ለጉልበትና ለባት ይቀልላል። ነገር ግን እንደ እንቁራሪት እየመቱ ለመሄድ ወይም ወደ ኋላ ለመመለስ አይመችም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለው፣ ቀዳዳ ያለበት ወፍራም ጥቁር ጎማ፣ ጄት ፊን የሚሉት፣ ጠንካራ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ቢባል አይጋነንም። ብቻ ከባድ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፣ አውሮፕላን ላይም ኪሎ ይበላል። እኔ በመጨረሻ የወሰድኩት መካከለኛውን፣ ያልተሰነጠቀውን ፕላስቲክና ጎማ ነው። ከመግዛቴ በፊትም ከጠለቅኩበት ማዕከል ሦስት ዓይነት እየተከራየሁ ሞክሬያለሁ። ኪራዩ ከዚያ 280 ድርሃም በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ይህን የጻፍኩት ትናንት ማታ ማስታወቂያውን እንደገና ስላየሁት ነው። ያው ፎቶ፣ ያው «ሁለት ጊዜ ብቻ»። ዋጋው ግን 320 ገብቷል።