የሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ፦ ለፎቶ አንሺ ምን ያህል ያዋጣል?

ለመልክዓ ምድር ፎቶ የሰሜን ተራሮችን የሚስተካከል ጉዞ በአገር ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። አገልግሎቱም መልክ የያዘ ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያው ይከፈላል፣ የታጠቀ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይመደባል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ባለበቅሎም እዚያው ይገኛሉ። የሚያስቸግረው የጊዜ አደላደሉ ነው። የተለመደው ፕሮግራም የተሰናዳው ለሚራመድ ሰው እንጂ ብርሃን ለሚጠብቅ ሰው አይደለም። ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ከ2 ሰዓት በኋላ ይወጣል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ገደሉ ጫፍ ላይ ይደረሳል፣ ብርሃኑ ሲያምር ደግሞ ሁሉም ድንኳን ውስጥ ነው። ስለዚህ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ሰዓቱ መስተካከል አለበት፤ በኋላ መንገድ ላይ ቢጠየቅ ምግብ አብሳዩም ባለበቅሎውም ቀናቸውን አስልተው ጨርሰዋል።

የሚያዋጣው በፓርኩ ካምፖች አራት ሌሊት ማደር ነው፦ አንድ ሳንቃ በር፣ ሁለት ጊጭ፣ አንድ ጨነቅ። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው እዚያ ነው። እሱን ዘሎ በመጀመሪያው ቀን 3,600 ሜትር ላይ ያለው ጊጭ ማደር ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ እንዲህ ያደረ ሰው ደግሞ በሌሊት ተነሥቶ አይወጣም። ጊጭ ላይ የሚጨመረው ሁለተኛ ሌሊት የጉዞው ሁሉ ቁልፍ ነው። 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል ጫፍ ከካምፑ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው የእግር መንገድ ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ መንገደኛ የሚደርስበት ወደ ጨነቅ ሲያልፍ ረፋድ ላይ ነው። ሁለት ሌሊት ያደረ ግን አንድ ጀምበር መጥለቂያና አንድ ንጋት ያገኛል።

ንጋቱ እንደ ወሩ ይለያያል። በጥቅምት ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከሩብ አለፍ ሲል ነው፣ በጥር ግን ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች። ሰማዩ ቀለም የሚይዘው ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ስለሆነ በጥቅምት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ በጥር ደግሞ 10 ሰዓት ላይ ከካምፕ መነሣት ያስፈልጋል። ይህን ማታውኑ ለአስጎብኚው፣ ለስካውቱና ለምግብ አብሳዩ መንገር ነው፤ ዳቦና በፔርሙስ የተያዘ ሻይ ይበቃል። ስካውቶቹ የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል ናቸው። መንገዱን በጨለማ ያውቁታል፣ በብርድ መቆምን ለምደዋል፣ ገደሉ ጫፍ ላይ የቱ ድንጋይ እንደሚንቀሳቀስ ቀድመው ይናገራሉ። ለዚህ የሌሊት ሥራ ከመደበኛው ክፍያ በላይ ጉርሻ መጨመር ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የገደሉን አቅጣጫ ነው። ዋናው ገደል ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የገደሉ ግድግዳ ቀኑን አብዛኛውን በጥላ ውስጥ ይውላል፤ ከታች ያለው ቆላና ሾጣጣዎቹ አምባዎች ግን በፀሐይ ይነድዳሉ። በእኩለ ቀን የተነሣ ፎቶ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ካሜራው ምንም ያህል ውድ ቢሆን አያድነውም። እሜት ጎጎ የሚሻለው ወደ ሰሜን እንደ ምላስ ስለወጣ ጠዋት የምሥራቁ፣ ማታ የምዕራቡ ጎን ብርሃን ስለሚያገኝ ነው። በመስከረም መጨረሻ ፀሐይ ከምሥራቅ ብዙ ሳትርቅ ስለምትወጣ ብርሃኑ ግድግዳውን እየላሰ ያልፋል፤ በጥር ይህ ይቀንሳል።

ከወራቱም የመጀመሪያው ምርጫ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ጓሳው አረንጓዴ ነው፣ ወደ 500 ሜትር የሚወርደው የጅንባር ፏፏቴም ውኃ አለው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ንጋት ላይ የጓሳው ጫፍ በአመዳይ ነጭቶ ይገኛል፣ ጅብራ ከሚባለው ግዙፍ የደጋ ተክል ጋር በቅርብ ሲነሣ ግሩም ነው፤ ፏፏቴው ግን ቀጥኗል። ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋግ ሩቁን ይሸፍናል። ያኔ ሰፊ እይታን ትቶ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ባለው ሌንስ ተደራራቢ ተራሮችን ማንሣት ይሻላል፤ ጭጋጉ ራሱ አንዱን ከሌላው ይለያል። ክረምት ላይ ደመናው ለቀናት ላይገለጥ ስለሚችል ገንዘብ ከፍሎ መሄድ አይመከርም።

ዕቃን በተመለከተ ሦስት ነገር። ፖላራይዘር፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚቀንሰው የሌንስ ማጣሪያ፣ ከ24 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ሰፊ ሌንስ ላይ ሰማዩን ግማሹን ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹን ፈዛዛ ያደርገዋል፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚህ ለፏፏቴውና ለቅጠሉ ብቻ ይቀመጥ። ትራይፖዱ (ባለሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ) እሜት ጎጎ ላይ ከነፋሱ ጋር ይታገላል፦ የመሐሉን ምሰሶ አለማውጣት፣ ቀጫጭኖቹን የታች እግሮች አለመዘርጋት፣ ቦርሳ ከተንጠለጠለበት ደግሞ መሬት እንዲነካ ማድረግ፤ በአየር ላይ የሚወዛወዝ ቦርሳ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል። ጊጭ ላይ ባትሪ የሚሞላበት መብራት አይጠበቅም፣ ብርዱም ባትሪ ይጨርሳል፤ አራት ይዞ ሌሊት የመኝታ ከረጢት ውስጥ ማሳደር ነው። ካሜራው ግን ውጭው ብርድ ላይ ከቆየ በኋላ በላስቲክ ታሽጎ ይግባ፤ አለበለዚያ የሰው ትንፋሽ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሆናል።

በቅሎው ላይ የሚጫን ነገር እስከ ማታ እንደሌለ ይቆጠራል። ባለበቅሎዎቹ ቀጥታውን መንገድ ይዘው ይቀድማሉ፣ መንገደኛው በገደሉ ዳር ይዞራል። ካሜራ፣ ትራይፖድ፣ ዝናብ መከላከያና ሁለት ሊትር ውኃ ከጀርባ መውረድ የለባቸውም። መመለሻው በመኪና ከሆነ የበቅሎዎቹ መመለሻ ቀን ማን እንደሚከፍለው ደባርቅ ላይ ይጠየቅ።

ለእንስሳቱ አስጎብኚዎቹ እውነተኛ እውቀት አላቸው። ጭላዳዎች ሌሊት የሚያድሩት ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው፣ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይወርዳሉ። እነሱን እየተከተሉ ከመራመድ ሳር የሚበሉበት ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይሻላል፤ መንጋው ራሱ እየጋጠ ይቀርባል። የወንዱ ጋማ በነፋስ ሲበተን ፀሐይዋ ከኋላው ብትሆን፣ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነትም በ1/1000 ሰከንድ ቢያዝ ጠጉሩ አንድ በአንድ ይለያል። መመገብ ፈጽሞ አይገባም። ዋልያ ለማየት ጨነቅ ይሻላል፣ ማለዳና አመሻሽ ላይ፤ ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይጠይቃል።

ራስ ዳሽንን መጨመር ለፎቶ አያዋጣም። ከ4,500 ሜትር በላይ መውጣት ለራሱ ክብር አለው፣ ግን ረጅም ቀን ይወስዳል፣ እይታውም የእሜት ጎጎን አያህልም። የተረፈ ጉልበት ካለ ከጨነቅ ወደ ቧሂት ተራራ፣ 4,430 ሜትር፣ በሌሊት መውጣት ይበልጣል። ከጎንደር ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዞም ለፎቶ አንሺ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መኪናው ፓርኩ ሲደርስ ጥሩው ብርሃን አልፏል፣ ጊጭም ከመኪናው መንገድ ውጭ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፣ ፈቃዱ ደግሞ ደባርቅ ደርሶ የሚለመን ነገር አይደለም። ከጎንደር ከመነሣት በፊት የመንገዱን ጸጥታ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሎ መጠየቅ የግድ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያም ጉዞው ቢሰረዝ ተመላሽ መሆኑ በጽሑፍ ሳይያዝ አይከፈል።